የደንቢያ ወባና የኮቪድ ቅሪት

በአገራችን ሕመም ሕመም የሚባለው ታማሚው ስላቃሰተ ሳይሆን መንግሥት በመዝገቡ ስም ሲሰጠው ነው። ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

የጎንደር ሰው ንዳድን ከጥንት ያውቀዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን በተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ 7,000 ያህል ሕዝብ ፈጀ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያን ጊዜ ዐይኑን አልጨፈነም (ያው መንግሥት ከሃያ ዓመት በኋላ የወሎን ረኃብ መሸሸጉን አልዘነጋሁም)። በማግሥቱ ዓመት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ሠልጥነው ወደየጤና ጣቢያው ዘመቱ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እዚያ ነው።

የኋለኞቹ ሹማምንት ግን ስም መሸሽን ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ2006ም ሆነ በ2016 ሕዝቡ ኮሌራ ያለውን እነርሱ «አተት» አሉት።

ኮቪድ ላይ የስሙ ችግር አልነበረም። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ በወሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየዕለቱ መግለጫ የተያዙ፣ የሞቱና ያገገሙ ይቆጠሩልን ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ያገገሙ» የሚለው ዓምድ ነው። እዚያ ከተመዘገቡት መካከል ድካሙ፣ የትንፋሽ ማጠሩና የመርሳቱ ነገር ለወራት ያልለቀቃቸው አሉ። በቀላሉ ታምመው ያለፉትም ሳይቀሩ ይህ ይደርስባቸዋል። «ሎንግ ኮቪድ» የሚለውን ስም ያወጡለት ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠር እንደሚችል አስታወቀች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትርጓሜ ሰጠው።

ለእኛ ዕውቅናው የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ አንዱ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ግን የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። ምርመራው «ደኅና ነህ» ያለውን ሰው፣ ሐኪሙ ምን ብሎ ይጻፍለት?

በአራዳ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ደግሞ አዋጁም አይደርስላት። የጤና ሚኒስቴር ለእርሷ ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነገር አለ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጇ ስትደርስ፣ «ኮቪድ ከያዘሽ ወዲህ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ?» ብላ ትጠይቃት፤ መልሱንም በመዝገቧ ታስፍረው።