ዳሱና ስልኩ፤ የርቀት ትምህርትና ጥናት በገዳሪፍና በድንበሩ

«ራኩባ» በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኘው ኡም ራኩባ በስሙ ይህንኑ ቃል ይዟል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከጦርነትና ከረሃብ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው ይህ የስደተኞች ሰፈር ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ለሚጎርፉ ስደተኞች ዳግም ተከፈተ። ጊዜው የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለምን ቤት የዘጋበት፣ መምህራንና የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያዎች ሥራቸውን ወደ ስልክና ወደ በይነ መረብ ለማዛወር የተጣደፉበት ነበር። ስለ ርቀት ትምህርት የሚነገረው ሁሉ ገና ትናንት የተፈለሰፈ ያህል ይነገር ነበር። ለዚህ ድንበር ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1984 መቀመጫውን እንግሊዝ ያደረገው ኢንተርናሽናል ኤክስቴንሽን ኮሌጅ በሱዳን ለሚገኙ ስደተኞች የርቀት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም አቋቋመ። ስሙ የሱዳን ኦፕን ለርኒንግ ዩኒት ይባል ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከኢትዮጵያና ያኔ የኢትዮጵያ አካል ከነበረችው ኤርትራ የተሰደዱ ነበሩ። ትምህርቱ ተማሪው ብቻውን ሊያነበው እንዲችል ተደርጎ በተጻፈ ጽሑፍ የሚሰጥ ነበር። ሥልጠና ሳያገኙ በስደተኞች ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ መምህራንም የተለየ ኮርስ ተዘጋጅቶላቸዋል። በዚህ አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር ወረቀቱ አይደለም። ከወረቀቱ ኋላ ተማሪው የሚሄድበት የጥናት ማዕከልና የሚጠይቀው አስጠኚ መኖሩ ነው። የርቀት ትምህርት ተባለ እንጂ፣ ርቀቱን የሚያሳጥረው ቅርብ ያለው ሰው ነበር።

ወደ 2020 ስንመለስ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ መንግሥታት የመጀመሪያውን የኮቪድ-19 ታማሚ ይፋ ያደረጉት በአንድ ቀን፣ ማርች 13 ነው። በቀናት ውስጥ በሁለቱም አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የመተማና የገላባት መሻገሪያም ለመንገደኛ ተዘጋ፤ ሰው ግን በጫካው በኩል መሻገሩን አላቆመም። በኢትዮጵያ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀጠለ። በከተማ ያለው ተማሪ መጽሐፉን በቴሌግራም ይቀበል ጀመር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ «ፕላዝማ» እየተባለ በሚታወቀው የሳተላይት ትምህርት ያለፈ ሰው የዚህን መንገድ ጉድለት ሊዘነጋው አይችልም፤ ማያው ይናገራል፣ ይሄዳል፣ ያልገባውን ተማሪ ግን አይጠብቅም። በፕላዝማው ዘመን ቢያንስ ክፍሉ ውስጥ መምህር ቆሞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ግን ሬዲዮና መብራት በሌለበት የገጠር ቤት፣ የተማሪው ጓደኛ እርሻና ከብት ጥበቃ ብቻ ሆነ።

የጥናቱ ነገር ከዚህ የጠለቀ ታሪክ አለው። በ1985 ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብና ስለ ሰፈራ ፕሮግራሙ ለማወቅ በተጨነቀበት ወቅት፣ ጄሰን ክሌይና ቦኒ ሆልኮምብ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ሱዳን የስደተኞች ሰፈሮች መጡ። ያሳተሙት ጥናት ብዙ አወዛገበ። ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ዛሬም ሕያው ነው፤ ድንበር የተሻገረ ሰው፣ ሳይሻገር ለቀረው ሰው ሊናገርለት ይችላልን?

ኤርትራዊው ምሁር ጋይም ክብረአብ ደግሞ በዚሁ በገዳሪፍ አካባቢ፣ በቃላ ኤን ናሃል በሰፈሩ ስደተኞች ላይ መጻሕፍት ጽፏል። በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ስደተኛ ለእርዳታ ድርጅት ቆጣሪ የሚሰጠው መልስና በራሱ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚናገረው እውነት አንድ አይደሉም። ራሽን የሚወሰነው በቤተሰቡ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩ ያድጋል። ይህን ሰውዬው ሐሰተኛ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ጋይም ግን ለጎረቤቱ የማይዋሽ ሰው ለባዕድ ተቋም ለምን እንደሚዋሽ ጠየቀ። ይህን ለመረዳት ከሰዎቹ ጋር መሰንበት ያስፈልጋል።

ወረርሽኙ የነሣው ይህንኑ መሰንበት ነው። የዓለም ባንክ በ2018/19 በኢትዮጵያ ቤት ለቤት ከተጠየቁት ቤተሰቦች መካከል ስልክ ቁጥራቸው የተመዘገበውን ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በየዙሩ እየደወለ ማነጋገር ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር የተገኙት ቤተሰቦች 3,249 ሲሆኑ፣ 2,271ዱ የከተማ፣ 978ቱ የገጠር ነበሩ። አብዛኛው ሕዝብ የገጠር ነዋሪ በሆነበት አገር ሚዛኑ የተገለበጠ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ለገጠሩ መልስ ከፍ ያለ ክብደት እየሰጡ በስሌት አቃንተውታል። ሥራው ለዚያ ጨለማ ጊዜ ትልቅ ብርሃን እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ነገር ግን ስሌት የሚያቃናው መዝገብ ውስጥ ያለውን ነው። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የተሻገረው የጎንደር ገበሬ ልጅ ካርዱን በሱዳን ካርድ ቀይሯል። አባቱም ስልክ ላይኖረው ይችላል፤ ቢኖረውም፣ ከአዲስ አበባ ለሚደውል የማያውቀው ድምፅ «ልጄ በሥውር ድንበር አልፎ ሄዷል» ብሎ ይናገራል ማለት ዘበት ነው። ጋይም በቃላ ኤን ናሃል ያየው ነገር በሽቦው ውስጥም ይኖራል።

በኖቬምበር 2020 ሐምዳይትና ሉግዲ በደረሱት ስደተኞች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ተጨመረ። በትግራይ ስልክና በይነ መረብ ተቋርጦ ስለ ነበር በርቀት የሚጠይቅ አጥኚ ሊያገኝ የሚችለው ተሻግሮ የመጣውን ብቻ ሆነ፤ የ1985ቱ ጥያቄ እንዳለ ተመለሰ። የውጭ አገር ተመራማሪዎች በጉዞ እገዳ ቤታቸው በተቀመጡባቸው ወራት፣ ቀድሞ «አስተርጓሚ» ወይም «ረዳት» ይባል የነበረው የአካባቢው ሰው በብዙ የጥናት ሥራዎች ጠያቂው፣ መዝጋቢውና ምስክሩ ሆነ። የሚታተመው ጽሑፍ ላይ ግን የእሱ ስም ብዙ ጊዜ በግርጌ ምስጋና ውስጥ ቀረ። ወረርሽኙ ካጋለጣቸው የሙያው ነውሮች አንዱ ይህ ነው።

በኡም ራኩባ ትምህርት የተጀመረው በአገራቸው መምህራን በነበሩ ስደተኞች ነው። በዚያ ሰፈር ስለ በይነ መረብ ትምህርት ማውራት ፌዝ ይሆን ነበር። ድንኳንና ዳስ፣ ሰሌዳና ጠመኔ፣ ቅርብ ያለ መምህር፤ እነዚህ ብቻ ነበሩ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። የገዳሪፍ የመማሪያ ክፍሎችም በተፈናቃዮች ተሞሉ። በፌብሩዋሪ 2024 የስልክ መስመር በሱዳን ሰፊ ክፍል ሲቋረጥ፣ በወረርሽኙ ዘመን በስልክ መጠየቅን የለመደው ጥናት ለጊዜው የሚደውልበት ቁጥር አጣ። መልስ ማግኘት የቻሉት ቀድሞም እዚያው የነበሩት ሰዎች ናቸው።