ደም ሲፈላ፣ ብርክ ሲይዝ

እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው ገና ሲነጋጋ ነው። ሽማግሌዎች ከጎረቤት ጋር ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ድንግጥ ያለውን ሰው ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ያብሱለታል። ልጅ ሳለሁ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ቀዝቃዛ ውኃ ፊትን ሲነካ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል የልብ ምት ይረግባል። (እናቶቻችን ቬገስን ያውቁ ነበር ልል አይደለም፤ ውኃውን ግን ያውቁታል።)

ቬገስ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት አንዱ ክፍል ነው። ይህ ሥርዓት ሁለት ክንፍ አለው። ሲምፓቴቲኩ ልብን ያስሮጣል፣ ላብ ያመጣል፣ የሆድን ሥራ ያስቆማል። ፓራሲምፓቴቲኩ ያረጋጋል፤ እንባ እንዲፈስ የሚያዘውም እሱ ነው። የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ድመት ስትሸበር ጨጓራዋ መንቀሳቀስ እንደሚያቆም አየና እ.ኤ.አ. በ1915 ስለ ፍርሃትና ቁጣ መጽሐፍ አሳተመ። በካነን ዓይን ሁለቱም ስሜቶች ሰውነትን የሚያዘጋጁት በአንድ መንገድ ነው፦ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ።

የጎንደር ሰው ግን ድሮም ለያይቷቸዋል። የተቆጣ ደሙ ይፈላል፤ የፈራ ብርክ ይይዘዋል፣ ሐሞቱ ይፈሳል፤ ያዘነ ሆዱ ይባባል። ፖል ኤክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲለኩ የተቆጣ ሰው ጣት ከፈራ ሰው ጣት ይልቅ ሞቆ አገኙት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ለእያንዳንዱ ስሜት የማይለወጥ አንድ የሰውነት ምልክት አልተገኘም። እንደ ሰውየው፣ እንደ ሁኔታው ይለያያል።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ የአለን ያንግ ነው። ይህ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970 የዶክትሬት ሥራውን ያቀረበው በበጌምድር አማራ የሕክምና እምነትና ልማድ ላይ ነበር። በሽታን ከሰውነት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውጭ፣ ከመንፈስና ከጠላት የሚፈልግ ሕዝብ ነበር ያገኘው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ስለ ጭንቀት የሚያጠኑትን ምሁራን ተቸ፦ ሰውየውን ከኑሮው ነጥላችሁ ታዩታላችሁ አላቸው። በ1995 የጦርነት ድንጋጤ እንዴት የሕክምና ስም እንዳገኘ የሚተርክ መጽሐፍ ጻፈ። መንገዱ የተጀመረው እዚሁ እኛ ዘንድ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ደረሰ። እዚያ ያለች አክስቴ ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይበርዳል፣ እህል አይወርድላትም። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። ደም ግፊቷን ለኩ፣ ደሟን መረመሩ፣ «እማማ፣ ምንም የለብዎትም» ብለው መለሱን። ውጤቱ ልክ ነበር፤ አልዋሹም። ብቻ ልብዎ እንዲህ መምታት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።