የሊማሊሞ ቁልቁለትና ወጣት አሽከርካሪዎች

ሊማሊሞ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደል ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ያዘቀዝቃል።

በጎንደር ከተማ እንደ ቪትዝ ባለ ትንሽ መኪና የለመደ ወጣት እዚህ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ይገጥመዋል። ክፉው ጠንቅ የፍሬን መጋል ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሰው የመኪናውንም የተሳፋሪውንም ክብደት በፍሬን ብቻ ይይዛል፤ ሸራው ይግላል፣ የመቃጠል ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ሽታው እንደመጣ ዳር ይዞ ማቆምና ፍሬኑ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ከተወረደ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ይህ ለመንጃ ፈቃድ ተለማማጆች በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው።

ሌላው ጠንቅ ግጭት ነው፤ ትንሽ መኪና ከጭነት መኪና ጋር ሲጋጭ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በትንሹ ላይ ነው፤ በተለይ የኋላ ተሳፋሪዎች ቀበቶ ካላሰሩ። በክረምት ደግሞ ጉም ኩርባውን ይሸፍነዋል፤ ረጅም መብራት ቢበራ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለወጣቶች የሚያስፈልገው በምክንያት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው።