ስለ ጠጕር ሠሪዎች፥ በዚሁም ሙያ ስላደረ አንድ የእግዚአብሔር ሰው

መስከረም 1 ቀን ርእሰ ዐውደ ዓመትና የመልአኩ የቅዱስ ራጉኤል በዓል በአንድነት የሚውሉበት ቀን ነውና፥ የመርካቶ ምእመናን አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት በደብሩ ቅጽር ውስጥ ቆመው ነው። ከዚህ በዓል በፊት ባለው ማታ በአዲስ ከተማ ከኹሉ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ሰው ማን እንደ ኾነ ቢጠየቅ፥ በግ ነጋዴው ነው ወይም ዶሮ ሻጩ ነው የሚል ብዙ ሰው ይገኛል። ከእነዚያ ኹሉ በኋላ የምትተኛውን ጠጕር ሠሪ ግን የሚያስባት ጥቂት ነው። እርስዋ የሰውን ኹሉ ራስ ለበዓል አሳምራ የራስዋን ጠጕር ለመሥራት ጊዜ ሳታገኝ፥ በነጠላዋ ተከናንባ ወደ ማሕሌቱ ትመጣለች።

ሙያው ግን በአገራችን የዛሬ አይደለም። ወንድ ልጅ ቁንጮ፥ ሴት ልጅ ጋሜ ተደርጎላቸው ያድጉ ነበር፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችም ሹሩባ ትሠራ ነበር። ጠጕር የዕድሜ፥ የማዕርግና የኀዘን ምልክት ነበር፤ ሰው የሞተበት ጠጕሩን ይላጫል፤ ጀግናም ጎፈሬውን ያሳድጋል። ነሐሴ 16 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ በላስታና በዋግ፥ በትግራይም ያሉ ልጃገረዶች ለሻደይና ለአሸንዳ ሲወጡ፥ አስቀድሞ የሚያስቡት ስለ ሹሩባቸው ነው። ነገሥታቱም ቢሆኑ ከዚህ የወጡ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕራቸውን ተጎንጕነው፥ ዐፄ ዮሐንስም እንደዚሁ ሹሩባ ተሠርተው በሥዕል ይታያሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ እንግሊዞች ከራሳቸው ጠጕር ቈርጠው ወሰዱ፤ ያም ጠጕር በለንደን በጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ሲኖር ቈይቶ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ጠጕሩ ሲመለስ አገር ኹሉ ደስ አለው፤ ያን ጠጕር የጎነጎነው እጅ የማን እንደ ነበረ ግን የጠየቀ የለም።

ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ስሙ ሲጻፍለት የቈየ አይደለም፤ እንዲያውም ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነው። ዐዋጁ ስድቡን ቢከለክልም፥ የተረሳውን ስም መልሶ የሚጽፍ አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ወገን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ቅዱስ ጴጥሮስም ቅዱስ ጳውሎስም የሴቶች ሽልማት ጠጕርን በመጎንጐንና በወርቅ እንዳይሆን ጽፈዋልና፥ ይህን ይዘው ሙያው ራሱ ነውር ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ያው ቅዱስ ጳውሎስ በሌላው መልእክቱ ጠጕር ለሴት ክብርዋ መሆኑን ይናገራል። ማርያም እንተ ዕፍረትም የጌታን እግር ያበሰችው በጠጕርዋ ነው፤ ለዓለም ጌጥ የነበረውን ለንስሓ አገልግሎት አደረገችው። ሐዋርያት የነቀፉት ትዕቢትን እንጂ ሚዶን አይደለም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ልጆችዋን በሹሩባ ገንዘብ ያሳደገች መበለት በፍርድ ቀን ስለ ሙያዋ ትወቀሳለች የሚል ካህን ቢኖር፥ መጽሐፉን ደግሞ ይመልከት።

መርካቶ ራሱ ወጣት ገበያ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማዪቱን ከያዘ ወዲህ ኢጣልያኖቹ ጥቁሩንና ነጩን ለመለየት ብለው የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙም በእነርሱ ቋንቋ መርካቶ ተባለ። ለመለያየት የተደረገው ነገር ግን አንድ የሚያደርግ ሆነ፤ ከየአገሩ የመጣ ጉራጌ፥ አማራ፥ ኦሮሞ፥ ሐረሪ፥ ትግሬ በአንድ ተራ ተቀመጠ፤ የደብሩ ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛንም በአንድ ሰፈር ይሰማሉ። በዚህ ሰፈር ጠጕር ቤት የምትከፍት ሴት ማርያምን ብላ የምትምለውንም፥ ለኢድ የምትዘጋጀውንም በአንድ በርጩማ አስቀምጣ ትሠራለች። በደጅ በበርጩማ የነበረው ሙያ ወደ ቤት ገብቶ መስተዋት ሲተከልለት፥ ቢጎዲንና ካስክ የሚባሉት የፈረንጅ ቃላትም አብረው ገቡ፤ ሹሩባ የሚለው ስም ግን አልጠፋም። ዕቁብዋን ትጥላለች፤ ዕድርዋን ትከፍላለች፤ ወር በገባ በ1 ቀን የመልአኩን ጽዋ ከማኅበርተኞችዋ ጋር ትጠጣለች። ታሪክ ጸሐፊ የሚጽፈው ድርጊት የላትምና ስምዋ በመጽሐፍ አይገኝም።

በሩቅ አገር ግን የአንድ ጠጕር ሠሪ ታሪክ በሙሉ ተጽፎ ይገኛል። እርሱም ፒየር ቱሳን ይባላል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም፤ ጥቁር ሰውና ባሪያ ሆኖ ያደረገውን ምግባር ግን የኛ ሰው ሰምቶ ሳይራራ አይቀርም።

ቱሳን ዛሬ ሄይቲ በምትባለው ደሴት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከባሪያ እናት ተወለደ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1787 ጌታው ቤራር የሚባለው ፈረንሳዊ ወደ ኒውዮርክ አመጣው፤ የጠጕርንም ሥራ እንዲማር ለአንድ ባለሙያ ሰጠው። ጌታው ንብረቱን ለማየት ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ በዚያው ሞተ፤ በደሴቲቱም ባሮች ተነሥተው ስለ ነበር ሀብቱ ኹሉ ጠፋ። እመቤቲቱ በኒውዮርክ ባዶ እጅዋን ቀረች። በዚያን ጊዜ ቱሳን የባለጠጎችን ሚስቶች ጠጕር እየሠራ ብዙ ገንዘብ ያገኝ ነበርና፥ በዚያ ገንዘብ ነጻነቱን መግዛት ይችል ነበር። እርሱ ግን የእመቤቲቱን ቤት በሥውር ይቀልብ ጀመር። አንድ ጊዜ ዕዳ እንዲከፍልላት ጌጥዋን ሽጥልኝ ብላ ብትሰጠው፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ገንዘቡንም ጌጡንም አንድነት አምጥቶ በፊትዋ አኖረው። በ1807 ልትሞት ስትል ነጻ አወጣችው።

ይህን የሚሰማ ሰው ባሪያ ጌታውን መቀለቡ ውርደት ነው ሊል ይችላል። በእኛም አገር ባርነት በሕግ ጨርሶ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ቱሳን የባርነትን ክፋት ያልተረዳ ሰው አልነበረም፤ ሮዛሊ የምትባለውን እኅቱን፥ በኋላም ሚስቱን ዡልየትን በገንዘቡ ነጻ አውጥቶአል። ዡልየትንም በ1811 አገባት። ለእመቤቲቱ ያደረገውን ያደረገው መበለት ስለ ነበረች እንደ ኾነ ከሌላው ሥራው ይታወቃል፤ ቀለም ሳይለይ ለመበለት ኹሉ እንዲሁ ያደርግ ነበርና።

ልጅ አልወለዱም። እኅቱ ሮዛሊ ሕፃን ትታ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት፥ ዩፌሚ የምትባለውን ሕፃን እንደ ልጁ አሳደጋት። በየሳምንቱ ደብዳቤ እንድትጽፍለት አደረገ፤ ደብዳቤዎቹም እስከ ዛሬ በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህች ልጅ በ1829 ገና በዐሥራ አራት ዓመትዋ በእናትዋ በሽታ ሞተች። ኀዘኑም እጅግ ጸናበት። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱን አልዘጋም፤ እናት አባት የሌላቸውን ጥቁር ልጆች እየተቀበለ ሙያ ያስተምራቸው ነበር። ቢጫ ወባ ወደ ከተማዪቱ በገባ ጊዜ ሰው ኹሉ ሲሸሽ እርሱ ወደ ሕሙማን ይገባ ነበር።

ጧት ጧት ቅዳሴ ሳይሰማ ወደ ሥራው አይሄድም፤ ይህንም ስድሳ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ ከቤት ወደ ቤት በእግሩ እየዞረ እስከ ማታ ይሠራል። በጠጕር ሠሪ ፊት ሰው የማያወራው የለም፤ የባለጠጎቹን ቤት ምስጢር ኹሉ ሰምቶአል። ወሬ ለሚለምኑት ሴቶች ግን ሥራው ጠጕር መሥራት እንጂ ጋዜጣ መሆን እንዳይደለ ይመልስላቸው ነበር። የመርካቶ ጠጕር ሠሪ የነገሩ ክብደት ይገባታል፤ በእጅዋ ሥር ከተቀመጡት መካከል ምን ያህሉ ስለ ባላቸው፥ ስለ ዕዳቸው፥ ስለ ልጃቸው እያለቀሱ እንደሚናገሩ ታውቃለችና። ካህን በንስሓ የሚሰማውን እርስዋ በሚዶ ትሰማዋለች፤ ምስጢር ብትጠብቅ ግን የሚያመሰግናት የለም።

ሸምግሎ ሳለ ወዳጆቹ ያለህ ይበቃሃልና ዕረፍ ቢሉት፥ ለራሱ እንደሚበቃው፥ ሥራውን ቢተው ግን ለሌሎቹ እንደማይተርፈው ነገራቸው። ለቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ማሠሪያ ገንዘብ ከሰበሰቡት አንዱ እርሱ ነበር፤ በዚያው ካቴድራል ደጃፍ አንድ ቀን በቀለሙ ምክንያት እንዳይገባ ተከለከለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት ይቅርታ ለመኑት፤ እርሱም ቂም ሳይዝ መርዳቱን አላቋረጠም።

ሚስቱ ዡልየት በ1851 አረፈች፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ በሰኔ 30 ቀን 1853 በፈረንጅ አቈጣጠር ተከተላት። በሚቀጥለው ዓመት ሐና ሊ የምትባል ሴት የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች። ከሚስቱና ከዩፌሚ ጋር በአሮጌው ካቴድራል መቃብር ተቀብሮ ነበር፤ በ1990 ግን ዐፅሙ ወደ አዲሱ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተፈለሰ፤ በ1996ም የሮማው ፓፓ ክቡር የሚለውን ማዕርግ ሰጡት። ባሪያ ሆኖ ወደ ከተማዪቱ የገባው ጠጕር ሠሪ ዛሬ በመንበሩ ሥር ከሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር በአንድ ዋሻ ያርፋል፤ ክህነት ከሌላቸው ሰዎችም በዚያ ስፍራ ለመቀበር የመጀመሪያው እርሱ ነው።