በይፋት መንገድ የመንገደኛ ማደሪያ ታሪክ

ከሸዋ ደጋ ወደ ታጁራ የባሕር ጠረፍ የሚወርደው ጥንታዊ የንግድ መንገድ የይፋትን ቆላ አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ አካባቢው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መናገሻ ከሆነ ወዲህ መንገደኛን ማሳደር ከኑሮው ጋር ተሳስሮ ቆይቷል። ሲራራ፣ ማለትም ለደኅንነቱ ሲል በኅብረት የሚጓዝ የነጋዴ ጓድ፣ በበረሓው ጭነቱን አራግፎ እሳት በማንደድና ዘብ በማቆም ሜዳ ላይ ያድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድንም የሸዋ ኬላ ወደነበረችው ወደ ፋሬ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ነጋዴ ያልሆነው መንገደኛ በበኩሉ በ«የእግዜር እንግዳ» ልማድ ይጠለል ነበር፤ ይህም የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ ማደሪያ ሲለምን፣ ባለቤቱ እግሩን አሳጥቦና ካለው አካፍሎ ያለ ክፍያ የሚያሳድርበት ሥርዓት ነው።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በዘለቀው ወረራ የጣርማበርን ዋሻ ፈልፍሎ ወደ ደሴ የሚያመራውን የመኪና መንገድ ከዘረጋ በኋላ፣ እንደ ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች በገንዘብ የሚታደርበት አልጋ ቤት ቦታውን እየያዘ ሄደ።

ከይፋት በላይ ባለው የመንዝ ጓሳ ደግሞ ሣሩን በጋራ ሕግ ለዘመናት የጠበቀው ማኅበረሰብ ዛሬ ለጎብኚ ማደሪያ አዘጋጅቷል፤ ስለዚህ መንገደኛን የማስጠለል ኃላፊነት ከግለሰብ ቤት ወደ ጋራ ተቋም ሊሸጋገር እንደሚችል የአካባቢው ልምድ ራሱ ያስረዳል፣ ይህም ሊጠበቅና ሊስፋፋ የሚገባው ቅርስ ነው።