የእንቅልፍ ክኒን በጂንካና በደቡብ ኦሞ

የእንቅልፍ ክኒን የአንጎልን ንቃት ለሰዓታት የሚቀንሱና በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጡ መድኃኒቶች መጠሪያ ነው። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው ዳያዜፓም ነው፤ ብዙ ሰው ቫሊየም ይለዋል። ብሮማዜፓምና ሎራዜፓምም እንደ እሱ ከቤንዞዲያዜፒን ወገን ናቸው። ዞልፒደም ከወገኑ ውጭ ቢሆንም አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ሁሉም ጋባ የተባለውን ነርቭ የሚያረጋጋ ቅመም ሥራ ያበረታሉ። አሚትሪፕቲሊን በመሠረቱ የድብርት መድኃኒት ሲሆን በትንሽ መጠን ለእንቅልፍም ይታዘዛል።

ክኒኑ እንቅልፍ ያመጣል እንጂ እንቅልፍ የነሳውን ነገር አያክምም። በደቡብ ኦሞ ይህን መርሳት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆና የማጎ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የፄፄ ዝንብ አገር ነው። የአርብቶ አደሩን ከብት በገንዲ የሚፈጀው ይህ ዝንብ ሰው ላይም የእንቅልፍ በሽታ የሚባለውን ያስተላልፋል። ተሕዋሲው አንጎል ውስጥ ሲገባ ታማሚው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ዓይኑ አልከደን ይላል፣ ጠባዩም ይለወጣል። በሽታው በኢትዮጵያ ለ30 ዓመት ያህል ሳይመዘገብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል እንደገና ተገኝቷል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚታየው ዓይነት ካልታከመ በወራት ውስጥ ይገድላል። እንዲህ ያለ ሰው ዳያዜፓም ቢታዘዝለት ሌሊቱን ሊተኛ ይችላል፤ የሚያመልጠው ግን የመዳኛው ጊዜ ነው። ከቆላ የመጣ፣ ትኩሳትና ራስ ምታት የሚመላለስበት ሰው እንቅልፍ አጣሁ ሲል ከማዘዣው የደም ምርመራው ይቀድማል።

የእንቅልፍ በሽታ ግን ብርቅ ነው። ዘወትር እንቅልፍ የሚያሳጡት ምክንያቶች ጭንቀት፣ ሐዘን፣ የቆየ ሕመም፣ ጫትና ቡና ናቸው። በሐመር ከቡና ገለፈት የሚፈላው ሾፎሮም ካፌይን አለበት። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ዶሉተግራቪር አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ሐኪም አማክሮ ከማታ ወደ ጠዋት ማዞር ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ከክኒኑ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ከሌላ ነገር ጋር መደባለቅ ነው። ጫት ቅሞ የመረቀነ ሰው ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ወይም ቢራ ይጠጣል፤ ጨብሲ የሚባለው ነው። በዚያ ላይ ክኒን ሲጨመር አልኮሉና መድኃኒቱ ተባብረው ትንፋሽን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ያደክሙታል። ሰውየው እያንኮራፋ ተኝቷል ሲባል ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ትራማዶልን ከመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር መውሰድም እንዲሁ ያሰጋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ራሱ ከቀድሞዎቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ወገን ስለሆነ፣ የሚወስደው ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ሌላ ክኒን መጀመር የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዳያዜፓምን ኃይል ይቀንሳል፤ አልሠራልኝም ብሎ መጠን የጨመረ ሰው የነቀርሳ ሕክምናውን ሲጨርስ ያው መጠን ይበዛበታል።

ማታ የተዋጠ ዳያዜፓም ጠዋትም ሰውነት ውስጥ አለ። በደም ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ በየቀኑ ሲወሰድም ይጠራቀማል። ከጂንካ ወደ ቆላው በሞተር ሳይክል የሚወርድ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል። አረጋውያን ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል፣ ይዘባርቃሉም። ዞልፒደም ቶሎ ከሰውነት ቢወጣም በእንቅልፍ ልብ እስከ መንዳት አድርሷል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የሴቶችን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ካወረደ በኋላ በ2019 ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ አዟል። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ምክር አንዱንም አትውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ለእንቅልፍ የወጣው ታሊዶማይድ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የእጅና የእግር ጉዳት ይዘው እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል።

ቤንዞዲያዜፒንን ለእንቅልፍ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በላይ መውሰድ አይመከርም፤ ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ያቆመ ሰው እንቅልፉ ከቀድሞው ብሶ ይጠፋበታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱንም ይጥለዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በሐኪም ክትትል መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከቱርሚ ወይም ከኦሞራቴ እየተመላለሰ መድኃኒቱን ከጂንካ የሚወስድ ሰው ዝናብ መንገድ ሲቆርጥበት ሳይወድ በድንገት አቆመ ማለት ነው። ማዘዣው ሲጻፍ የመመለሻው መንገድም አብሮ መታሰብ አለበት።

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመራል፤ እነዚህ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ይሰጣሉ። ለጎረቤት ማካፈል ይህን ጥበቃ ያፈርሰዋል። በደቡብ ኦሞ ከወረቀቱ እኩል የሚያሳስበው ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ የታተመ ማሸጊያ ለዳሰነች ወይም ለኛንጋቶም አረጋዊ ምንም አይነግራቸውም። አስተርጓሚ ቆሞ ታማሚው የተነገረውን በራሱ አፍ መልሶ እስኪናገር መጠበቅ የፋርማሲው ሥራ አካል ሊሆን ይገባል፦ ስንት፣ መቼ፣ ከመጠጥ ጋር ፈጽሞ እንደማይሆን።

ለቆየ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጀመሪያ ደረጃ የመከረው ክኒን ሳይሆን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድ፣ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ማሳጠር ዋናዎቹ ናቸው። በሠለጠነ ነርስ ሊሰጥ ስለሚችል ሐኪም በራቀበት አገር ይበልጥ ሊስፋፋ የሚገባው ይህ ነው።

ክኒን አብዝቶ የዋጠ ሰው በጎኑ ይተኛል፤ ወተት አይጠጣም፣ እንዲያስመልሰውም አይደረግም። የክኒኑ ማሸጊያ ተይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ እዚያም የመጀመሪያው ሥራ ትንፋሹን መደገፍ ነው።