ከካዱ እስከ ነጭ ሽንኩርት ማሳ፦ የአርሲ ደጋ ትምህርት

የአርሲ ደጋ የዘመናዊ እርሻ ታሪክ ሲነሳ ካዱ ይቀድማል። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክርን አቀናጅቶ ለገበሬው አቀረበ። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ምርት ጨመረ፤ በአንጻሩ ትራክተር ያስገቡ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኛ አፈናቀሉ። ይህ በደል የቆመው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው።

ሌላው ትምህርት ዘግይቶ መጣ። ማሳው ሁሉ በአንድ የስንዴ ዝርያ ሲሸፈን በሽታም ሰፊ ግጦሽ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1993 እና 1994 እንኮይ የተባለውን ዝርያ ግንድ ዋግ መታው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ቢጫ ዋግ ጎዳው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ደግሞ ዲገሉ የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ተጠቃ። ጥሩ ዘር ብቻውን ጥበቃ እንደማይሆን አርሲ በኪሳራ ተምራለች።

ዛሬ ያው አደጋ በአትክልቱ ላይ ያንዣብባል። ድንች በድንች ላይ፣ ነጭ ሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት ላይ መደጋገም ተባይንና በሽታን ማርባት ነው። ነጭ ሽንኩርትን የሚያበሰብሰውን ፈንገስ እንመልከት። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፤ ተክሉ ሲነቀል ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር እንክብሎች ይታያሉ። እነዚህ እንክብሎች አፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። አንዴ የተበከለ ማሳ በሁለት ሦስት ዓመት ማፈራረቅ አይድንም። ስለዚህ ንጹሕ ዘር መምረጥ፣ ከተበከለ ማሳ አፈር በማረሻና በጫማ አለማምጣት፣ የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ ይቀድማል።

የድንች ጠላት ሌት ብላይት ግን ዝናብና ብርድ የሚወድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ይኸው በሽታ ነው። መቋቋም የሚችል ዝርያ፣ ጤነኛ የዘር ድንችና ማሳን በየጊዜው መፈተሽ በሽታውን ለመከላከል ይበጃሉ። ድንች በገብስ፣ በባቄላ ወይም በጎመን ይፈራረቅ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ዘመዶቹ ስለሆኑ ተተኪ አይሆኑም።

ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲታይ ወዲያው መርጨት ልማድ ሆኗል። መድኃኒቱ ግን ክሽክሹን የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትንም ይፈጃል። መጀመሪያ ቆጥሮ ጉዳቱን መመዘን፣ መድኃኒትን የመጨረሻ አማራጭ ማድረግ፣ ሲረጩም የተመዘገበውን በመመሪያው መሠረት መጠቀም ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 የፀረ-ተባይ መድኃኒት ምዝገባን የደነገገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የአርሲ ገበሬና የልማት ሠራተኛ ከመኸር በፊት ተቀምጠው በየማሳው ባለፉት ዓመታት ምን እንደተዘራ ይጻፉ፤ የሚቀጥለውንም ከዚያ ተነስተው ይወስኑ። ሰብል የሚጠበቀው ከመርጨቱ በፊት፣ ዘር ከመውደቁም በፊት ነው።